ቦታ ሲጠብ ሰዓትን መቁጠር፦ የመኪና ማቆሚያ እጥረት በግንባታ ወቅት

ባለፈው ዓመት በምኖርበት ሰፈር የዋናው መተላለፊያ አንደኛው ጠርዝ ለፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ ሥራ ተቆፈረ። የሥራውን አስፈላጊነት ማንም አልተጠራጠረም፤ በየክረምቱ ጎርፍ ግቢው የሚገባበት ሰው ሁሉ በደስታ ነበር የተቀበለው። ይሁን እንጂ ቁፋሮው በተጀመረ በሳምንቱ ሰፈሩ ሌላ መልክ ያዘ። ጠዋት ጠዋት የክላክስ ጩኸት፣ የሰው በር ዘግቶ የሄደን ባለመኪና ፍለጋ፣ ለዘመናት በሰላም በኖሩ ጎረቤቶች መካከል መኮራረፍ የዕለት ተዕለት ነገር ሆነ።

በዚያ ሰሞን በመንገዱ ዳር የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ ያላቸው አንዲት ጎረቤቴ አስቁመው እንዲህ ሲሉ ጠየቁኝ፦ «ዶክተር፣ እስኪ የተማሩት ይንገሩን፤ ደጄ ከጠዋት እስከ ማታ በመኪና ተሞልቶ ሳለ ደንበኛ የጠፋብኝ ለምንድን ነው?»

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን ወዲያው ለመስጠት አልቻልኩም። ቤቴ ገብቼ ወረቀትና እርሳስ ካነሣሁ በኋላ ግን መልሱ ከአንድ ምዕተ ዓመት በፊት ለስልክ አገልግሎት ከተጀመረ የሒሳብ ዘርፍ ውስጥ እንደሚገኝ ተረዳሁ። ይህ ጽሑፍ ያንን መልስ ለአንባቢያን ለማካፈል የተዘጋጀ ነው።

ችግሩ የአንድ ሰፈር ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የቀላል ባቡር ሐዲድ ሲዘረጋባት፣ አገልግሎቱም በመስከረም 2008 ዓ.ም. እስኪጀመር ድረስ፣ ብዙ መንገዶቿ ተቆፍረው ከርመዋል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም በኮሪደር ልማት ሥራ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ እንዲሁም በሌሎች አካባቢዎች መንገዶችና የእግረኛ መተላለፊያዎች እንደገና ተሠርተዋል። ግንባታ ባለበት ሁሉ መኪና የሚቆምበት ጠርዝ ለጊዜው ይወሰዳል። እንግዲህ ጥያቄያችን «ግንባታው ለምን መጣ?» የሚል ሳይሆን፣ «ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ የቀረችውን ጥቂት ቦታ እንዴት እንጠቀምባት?» የሚል ነው።

መኪናን ወይስ ጊዜን እንቁጠር?

የማቆሚያ እጥረት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው ስለ ሁለት ቁጥሮች ነው፤ ስለ መኪኖች ብዛትና ስለ ቦታዎች ብዛት። በዚህ አስተሳሰብ 60 ቦታ ባለበት ጎዳና 20 ቦታ ሲወሰድ 20 መኪኖች ችግር ላይ ይወድቃሉ ማለት ነው። ይህ ስሌት ግን አንድ ዐቢይ ነገር ይዘነጋል፤ እርሱም ጊዜ ነው። ለ10 ደቂቃ የቆመ መኪናና ለ8 ሰዓት የቆመ መኪና እኩል ቦታ ቢይዙም እኩል ሀብት አይጠቀሙም።

ይህንን ግንኙነት በአንድ አጭር ሕግ ማስቀመጥ ይቻላል። ሕጉን አጠቃላይ በሆነ መንገድ ያረጋገጡት አሜሪካዊው ተመራማሪ ጆን ሊትል ሲሆኑ፣ ማረጋገጫቸውን በ1961 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል። የሊትል ሕግ የሚከተለውን ይላል፦

አማካይ ብዛት = የመምጫ ፍጥነት × አማካይ ቆይታ

በሰዓት 10 ደንበኞች በመኪና ወደ አንድ ጎዳና ቢመጡና እያንዳንዳቸው በአማካይ 1 ሰዓት ቢቆዩ፣ በማንኛውም ጊዜ በአማካይ 10 መኪኖች ቆመው ይገኛሉ። እነዚያው 10 ደንበኞች ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢቆዩ፣ የቆሙት መኪኖች 5 ይሆናሉ። ወደ ሰፈሩ የመጣው ሰው አልቀነሰም፤ የተፈለገው ቦታ ግን በግማሽ ቀነሰ። የሕጉ ውበት መኪኖቹ በምን ሥርዓት እንደሚመጡ፣ ቆይታቸውም ምን ያህል እንደሚለያይ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። በረጅም ጊዜ አማካይ እስከታየ ድረስ ለባንክ ወረፋም፣ ለሆስፒታል አልጋም፣ ለመኪና ማቆሚያም እኩል ይሠራል።

ስለዚህ ትክክለኛው መለኪያ የቦታ ቁጥር ሳይሆን «የቦታ ሰዓት» ነው። አንድ ቦታ ለአንድ ሰዓት ሲያዝ አንድ የቦታ ሰዓት ተጠቀምን እንላለን። የኤሌክትሪክ ፍጆታችንን በዋት ብቻ ሳይሆን በኪሎዋት ሰዓት እንደምንከፍል ሁሉ፣ የመንገድ ጠርዝንም በቦታ ሰዓት መለካት ይገባናል።

የአንድ ጎዳና ሒሳብ

ነገሩን ግልጽ ለማድረግ አንድ ጎዳና በምናባችን እንሥራ። ቁጥሮቹ ለስሌት እንዲያመቹ የተመረጡ ናቸው፤ አንባቢው በራሱ ሰፈር ቁጥሮች ሊተካቸው ይችላል።

ጎዳናው 60 ማቆሚያ ቦታዎች አሉት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ያሉትን 8 ሰዓታት ብንወስድ፣ ጠቅላላው ሀብት 60 × 8 = 480 የቦታ ሰዓት ነው። ተጠቃሚዎቹ ሦስት ዓይነት ናቸው። አንደኛ፣ መኪናቸው ቀኑን ሙሉ ከቤታቸው ደጃፍ የማይንቀሳቀስ 15 ነዋሪዎች፤ እነዚህ 120 የቦታ ሰዓት ይወስዳሉ። ሁለተኛ፣ በአካባቢው ቢሮዎች የሚሠሩና 8 ሰዓት የሚያቆሙ 20 ሠራተኞች፤ የእነርሱ ድርሻ 160 ነው። ሦስተኛ፣ በሰዓት 10፣ በቀን 80 የሚሆኑ፣ በአማካይ 1 ሰዓት የሚቆዩ ደንበኞች፤ ድርሻቸው 80 ነው። ድምሩ 360 የቦታ ሰዓት፣ ማለትም ከጠቅላላው ሀብት 75 በመቶው ይሆናል። ጎዳናው ሥራ ይበዛበታል፤ አልተጨናነቀም።

አሁን ግንባታው 20 ቦታዎችን ወሰደ እንበል። የቀረው 40 × 8 = 320 የቦታ ሰዓት ነው። ፍላጎቱ ግን አሁንም 360 ነው። ከዚህ በኋላ የሚሆነውን የሚወስነው ማን ቀድሞ እንደሚደርስ ነው። የነዋሪዎቹ መኪኖች ከሌሊት ጀምሮ በቦታቸው አሉ። ሠራተኞቹ ሱቆች ገና ሳይከፈቱ ይደርሳሉ። ገበያ ሲጀመር 35 ቦታዎች ተይዘዋል፤ ለደንበኞች የቀሩት 5 ብቻ ናቸው። አምስቱ ቦታዎች አንዲት ደቂቃ እንኳ ባዶ ሳይሆኑ ቢሠሩ በ8 ሰዓት የሚያስተናግዱት 40 ደንበኞችን ነው። በሌላ አነጋገር ጎዳናው ያጣው ከቦታዎቹ አንድ ሦስተኛውን ሆኖ ሳለ፣ ሱቆቹ ግን በመኪና ከሚመጡት ደንበኞቻቸው ቢያንስ ግማሹን ያጣሉ።

የጎረቤቴ እንቆቅልሽ የሚፈታው እዚህ ላይ ነው። ደጃቸው በመኪና የተሞላ ነው፤ መኪኖቹ ግን የማይንቀሳቀሱ ናቸው። ከግንባታው በፊትም ቢሆን ዓይን ያታልል ነበር። በዚያን ጊዜ እኩለ ቀን ላይ ፎቶግራፍ ብናነሣ ከ45ቱ የቆሙ መኪኖች የደንበኞች የሆኑት 10 ብቻ ሆነው ይታዩናል፤ ይህም 22 በመቶ ያህል ነው። በቀን ውስጥ ጎዳናውን የተጠቀሙትን መኪኖች ሁሉ ብንቆጥር ግን ከ115ቱ መካከል ደንበኞቹ 80፣ ማለትም ወደ 70 በመቶ የሚጠጉ ናቸው። በአንድ ጊዜ የሚወሰድ ምስል ረጅም የሚቆየውን አጉልቶ፣ አጭር የሚቆየውን ደብቆ ያሳያል። በፎቶግራፉ ላይ ተመሥርቶ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው የሰፈሩን ኢኮኖሚ የሚያንቀሳቅሱትን አያያቸውም።

ማንን ብናንቀሳቅስ ይሻላል?

ብዙውን ጊዜ የሚወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ለአጭር ጊዜ የሚያቆሙትን መከልከል ነው፤ «እዚህ ማቆም ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቀላል፤ የሚመለሱትም ኋላ የመጡት ናቸው። ይህ መፍትሔ በሒሳብ ሲመረመር አያዋጣም።

ጎዳናው በአግባቡ እንዲሠራ ከቦታዎቹ 85 በመቶ ያህሉ ብቻ እንዲያዙ እንፈልጋለን እንበል፤ ምክንያቱን ከዚህ በታች እናየዋለን። የ320 የቦታ ሰዓት 85 በመቶ 272 ነው። ስለዚህ ከፍላጎቱ ላይ 360 – 272 = 88 የቦታ ሰዓት መነሣት አለበት። የደንበኞች አጠቃላይ ድርሻ 80 መሆኑን እናስታውስ። 80ዎቹን ደንበኞች በሙሉ ብናባርርና ሱቆቹን ሁሉ ብንዘጋ እንኳ ከምንፈልገው አንደርስም ማለት ነው። የደንበኞችን ቆይታ ወደ ግማሽ ሰዓት ብናሳጥር ደግሞ የምናተርፈው 40 ብቻ ነው።

በአንጻሩ ቀኑን ሙሉ ከሚያቆሙት 20 ሠራተኞች 11ዱ መኪናቸውን ራቅ ወዳለ ስፍራ ቢወስዱ 11 × 8 = 88፤ ችግሩ በትክክል ተፈታ። ለደንበኞች 16 ቦታዎች ይቀራሉ፤ በአማካይ የሚፈልጉት 10 ነው። 11 ሰዎች 80 ሰዎችን አዳኑ።

የ11ዱ ሰዎች መሥዋዕትነት ምን ያህል ነው? ተለዋጩ ማቆሚያ 600 ሜትር ቢርቅና ሰው በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ቢራመድ፣ መንገዱ 7 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ደርሶ መልሱ ለ11ዱ በድምሩ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ነው። 80 ደንበኞች ቦታ ፍለጋ እያንዳንዳቸው 5 ደቂቃ ቢያባክኑ ግን የሚጠፋው 6 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው፤ ነዳጁና ጭሱ ሳይቆጠር። ሸክሙም በተመሳሳይ ሰዎች ላይ እንዳይወድቅ በተራ ማድረግ ይቻላል። በቀን 9 ቦታዎች ለ20 ሠራተኞች ቢዞሩ፣ እያንዳንዱ ሠራተኛ ከ20 የሥራ ቀናት 9ኙን በቅርብ ያቆማል። የአካል ጉዳት ያለባቸውና ሌሊት የሚያመሹ ሠራተኞች ከተራው ውጪ ሊሆኑ ይገባል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። 11ዱን መኪኖች ወደ ጎረቤት መንገድ መግፋት መፍትሔ የሚሆነው ያ መንገድ በእርግጥ ክፍት ቦታ ካለው ብቻ ነው። አለበለዚያ ችግሩን ከደጃችን ወደ ሰው ደጅ ማዛወር ይሆናል። ስለዚህ መኪና ከማዛወር በፊት ተቀባዩን መንገድ መቁጠር ግድ ነው።

ለምን 85 በመቶ?

ቦታዎች ሁሉ ተይዘው ቢያድሩ ሀብቱ ሙሉ በሙሉ ጥቅም ላይ ዋለ ማለት አይደለምን? አይደለም። ቦታ የሚፈልግ ሰው ክፍት ቦታ እስኪያገኝ ድረስ በአማካይ ስንት ቦታዎችን ማየት እንዳለበት እናስላ። ክፍት ቦታዎቹ በዘፈቀደ የተበተኑ ከሆኑ መልሱ አንድን ለክፍት ቦታዎች ድርሻ ማካፈል ነው። ከቦታዎቹ 75 በመቶው ሲያዝ 4 ቦታ ማየት ይበቃል። 85 በመቶ ሲሆን 7 ያህል፣ 95 በመቶ ሲሆን 20፣ 99 በመቶ ሲሆን ደግሞ 100 ይሆናል። ከ75 ወደ 85 በመቶ መውጣት የሦስት ቦታ ልዩነት ሲያመጣ፣ ከ95 ወደ 99 በመቶ መውጣት የ80 ቦታ ልዩነት ያመጣል።

በፊዚክስ እንዲህ ያለውን ባሕርይ በወሳኝ ነጥብ አካባቢ በተደጋጋሚ እናገኘዋለን፤ ሥርዓቱ ከገደቡ አጠገብ ሲደርስ ትንሽ ለውጥ ትልቅ ውጤት ታስከትላለች። ነገሩ በሁለት በኩል የተሳለ ነው። ጥቂት ቦታ መወሰዱ ሰፈሩን ከሰላም ወደ ትርምስ እንደሚያሻግረው ሁሉ፣ ጥቂት መኪና መነሣቱ ከትርምስ ወደ ሰላም ይመልሰዋል።

ስለ ጉዳዩ ሰፊ ጥናት ያደረጉት በሎስ አንጀለስ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩትና በ2025 እ.ኤ.አ. ያረፉት ዶናልድ ሹፕ ናቸው። ሹፕ በዩኒቨርሲቲያቸው አቅራቢያ በሚገኝና ቆጣሪ ያላቸው 470 ማቆሚያዎች ባሉት የንግድ ሰፈር ባደረጉት ጥናት፣ አንድ አሽከርካሪ ቦታ ለማግኘት በአማካይ 3.3 ደቂቃ እንደሚዞር አረጋግጠዋል። ይህ ሲደመር ግን በዓመት 950,000 ማይል፣ ማለትም ከ1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ትርፍ ጉዞ ሆነ። ከጥቂት ደቂቃዎች ብክነት ምድርን 38 ጊዜ የሚዞር ርቀት ተጠራቀመ። ሹፕ በየመንገዱ ከ7 ቦታዎች አንዷ ክፍት እንድትሆን መምከራቸው ከዚህ የመነጨ ነው። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማም ከ2011 እስከ 2013 እ.ኤ.አ. ባካሄደችው ሙከራ በመንገዱ ላይ የቦታ መያዝን የሚለኩ መሣሪያዎች ተክላ፣ የተያዘው ድርሻ ከ60 እስከ 80 በመቶ እንዲሆን ዋጋውን ከፍ ዝቅ ታደርግ ነበር።

የአሸዋ ክምርና የጠርዝ ሒሳብ

ግንባታ የሚወስደው ቦታ በቁፋሮው ልክ ብቻ አይደለም። አሸዋው፣ ጠጠሩ፣ ቱቦውና ብሎኬቱ የሚከመሩበት ስፍራ ራሱን የቻለ ጉዳት አለው። አንድ መኪና ለመቆም ከነመንቀሳቀሻው 5.5 ሜትር ይፈልጋል እንበል። 33 ሜትር ጠርዝ 6 መኪኖችን ይይዛል። 4 ሜትር የሚይዝ የአሸዋ ክምር መሐል ላይ ቢፈስ በግራና በቀኝ 14.5 ሜትር ይቀራል፤ በእያንዳንዱ 2 መኪኖች፣ በድምሩ 4 ይቆማሉ። ያው ክምር ጠርዙ ጫፍ ላይ ቢፈስ ግን የሚቀረው 29 ሜትር 5 መኪኖችን ይይዛል። ክምሩን ወደ ጫፍ ማስጠጋት ብቻ አንድ ቦታ አስገኘ። አሸዋ የጫነው ገልባጭ መኪና ከመድረሱ በፊት ቦታውን በኖራ ማመልከት ምንም ወጪ የለውም።

ሌላው የጠርዝ ብክነት ምንጭ መሥመር አለመኖሩ ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. የሃንጋሪው የሒሳብ ሊቅ አልፍሬድ ሬኒ የሚከተለውን ጥያቄ አነሡ፦ በአንድ ረጅም ጠርዝ ላይ እኩል ርዝመት ያላቸው መኪኖች አንድ በአንድ እየመጡ ባገኙት ክፍት ስፍራ በዘፈቀደ ቢቆሙ፣ ሌላ መኪና ማስገባት በማይቻልበት ጊዜ የጠርዙ ስንት እጅ ተይዞ ይገኛል? መልሱ 74.76 በመቶ ያህል ነው። ሩብ የሚሆነው ጠርዝ ለማንም በማይበቁ ክፍተቶች ተቆራርጦ ይባክናል። በ200 ሜትር ጠርዝ ላይ ይህ በ36 እና በ27 መኪኖች መካከል ያለ ልዩነት ነው። በእርግጥ አሽከርካሪዎች እንደ ሬኒ መኪኖች በዘፈቀደ ብቻ አይቆሙም፤ ጠጋ የሚሉም አሉ። ቢሆንም ቦታ በጠበበበት ወቅት አንድ ቆርቆሮ ነጭ ቀለምና አንድ ሜትር ብዙ ቦታ ሊመልሱልን እንደሚችሉ ስሌቱ ያሳያል።

ቁፋሮውም በጊዜ ይለካ

የቦታ ሰዓት መለኪያ ለመኪኖች ብቻ ሳይሆን ለግንባታውም ይሠራል። 400 ሜትር ጠርዝ በአንድ ጊዜ ተቆፍሮ ሥራው 4 ወር፣ ማለትም 120 ቀን ቢፈጅ፣ ግንባታው የተጠቀመው 400 × 120 = 48,000 «ሜትር ቀን» ነው። ሥራው በ100 ሜትር ክፍሎች ተከፋፍሎ እያንዳንዱ ክፍል በ45 ቀን ተጠናቆ ቢከፈት ግን 4 × 100 × 45 = 18,000 ሜትር ቀን ብቻ ይወስዳል። ኮንክሪት ሙሉ ጥንካሬውን የሚለካበት የተለመደው ጊዜ 28 ቀን በመሆኑ ክፍሎቹን እስከ ፈለግነው ድረስ ማፍጠን አንችልም፤ መሣሪያ ማዘዋወርም ወጪ አለው። ሆኖም አንዱ ክፍል ሲጠነክር ሌላውን መቆፈር ስለሚቻል ጠቅላላው ሥራ የግድ በአራት እጥፍ አይዘገይም።

ኮንትራክተሩ ጠርዙን ለረጅም ጊዜ የሚይዘው ክፋት ስላለበት ላይሆን ይችላል፤ ለሚይዘው ጊዜ የሚከፍለው ነገር ስለሌለ ነው። በለንደን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እጅግ በሚጨናነቁ ዋና ዋና መንገዶች ላይ በሥራ መውጫና መግቢያ ሰዓት ለሚቆፍር አካል በቀን እስከ 2,500 ፓውንድ ኪራይ የሚያስከፍል ደንብ በሥራ ላይ ውሏል። ጊዜ ዋጋ ሲወጣለት ቆፋሪው ራሱ የማሳጠሪያ ዘዴ ይፈልጋል። እኛም በውል ሰነዶቻችን ላይ ሥራው የሚይዘውን ሜትር ቀን አንድ መሥመር አድርገን ብናስገባው ጥሩ ጅምር ይሆናል።

አጥርን ማጋራት

በየሰፈራችን ብዙ ማቆሚያዎች በግቢ አጥር ተከልለው ይገኛሉ፤ የአንዱ መሥሪያ ቤት ግቢ ሲጨናነቅ የጎረቤቱ ባዶ ይውላል። ይህንን የሚመለከተውን ቀመር ያገኙት በኮፐንሃገን የስልክ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዴንማርካዊው አግነር ክራሩፕ ኤርላንግ ናቸው። በ1917 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ይህ ቀመር ጥቂት መሥመሮች ባሉት የስልክ ማዕከል ስንት ደዋይ «መሥመሩ ተይዟል» እንደሚባል ያሰላል። «መሥመር» የሚለውን «ማቆሚያ ቦታ»፣ «ደዋይ» የሚለውን «መኪና» ብለን ብንተካው ቀመሩ እንዳለ ይሠራል።

10 ቦታ ወዳለው አንድ ግቢ በአማካይ 10 ቦታ የሚያስይዝ ፍላጎት ቢመጣ፣ ከ100 መኪኖች 21 ያህሉ ቦታ አጥተው ይመለሳሉ። ሁለት እንዲህ ያሉ ግቢዎች በራቸውን ለሁለቱም ደንበኞች ክፍት ቢያደርጉና 20 ቦታ ለ20 ፍላጎት ቢያቀርቡ፣ ተመላሾቹ ከ100 ወደ 16 ይወርዳሉ። አንድም አዲስ ቦታ አልተሠራም፤ የጨመረው መተማመን ብቻ ነው። ግንባታው እስኪያልቅ ድረስ ቅዳሜና እሑድ ባዶ የሚውል የትምህርት ቤት ግቢ ወይም ቀን ቀን የማይሞላ የሆቴል ማቆሚያ ለዚህ ሊያገለግል ይችላል።

አስቀድሞ መንገር

ለዶክትሬት ትምህርት ጀርመን በነበርኩበት ጊዜ በመንገድ ዳር የሚተከሉ ተንቀሳቃሽ ሰሌዳዎች ትኩረቴን ይስቡት ነበር። ከዚህ ቀን እስከዚያ ቀን፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚያ ሰዓት መቆም አይቻልም የሚል መልእክት ነበራቸው። የአገሪቱ የፌዴራል አስተዳደር ፍርድ ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. በሰጠው ውሳኔ፣ በሕጋዊ መንገድ የቆመን መኪና ባለቤቱን አስከፍሎ ለማንሣት ሰሌዳው ቢያንስ 3 ሙሉ ቀናት ቀደም ብሎ መተከል እንዳለበት አስታውቋል። ፍርዱ የሚነግረን ቀላል እውነት ነው፤ ሰው ባላወቀው ነገር ሊቀጣ አይገባም። ከዚህም በላይ ማስታወቂያ ራሱ ቦታ ይፈጥራል። ከሦስት ቀን በፊት የተነገረው ሰው ግማሹ በታክሲ ይመጣል፣ ግማሹ ቀጠሮውን ያሸጋግራል፣ ሌላውም ቤተሰብ ዘንድ መኪናውን ያሳድራል።

እንዴት እንቁጠር?

ይህንን ሁሉ ሥራ ላይ ለማዋል ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። አንድ ተማሪ ደብተር ይዞ በየግማሽ ሰዓቱ ጎዳናውን ቢመላለስና የቆሙትን መኪኖች የታርጋ የመጨረሻ ሦስት አኃዞች ብቻ ቢመዘግብ በቂ ነው፤ ሙሉ ታርጋ መመዝገብ አያስፈልግም፣ የሰውን ግላዊ ጉዳይም ይነካል። በተከታታይ 4 ዙር የታየ መኪና 2 ሰዓት ያህል ቆሟል ማለት ነው። ከግማሽ ሰዓት በታች የሚቆሙ አንዳንድ መኪኖች ከመዝገቡ ሊያመልጡ እንደሚችሉ ግን መዘንጋት የለበትም። ከተማችን ከዚህ የተሻለ መረጃም አላት። በየመንገዱ ተደራጅተው የማቆሚያ ክፍያ የሚሰበስቡ ወጣቶች ብዙውን ጊዜ በደረሰኙ ላይ መግቢያ ሰዓት ይጽፋሉ። የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በመሣሪያ የሰበሰበችው ዓይነት መረጃ በእነዚህ ወጣቶች ኪስ ውስጥ አለ፤ የቀረው ደምሮ ማንበብ ነው።

ከቆጠራው በኋላ የሰፈሩ ሰዎች፣ የመሥሪያ ቤቶች ተወካዮችና የኮንትራክተሩ ኃላፊ ተሰብስበው ቢነጋገሩ ክርክሩ በስሜት ሳይሆን በቁጥር ላይ ይመሠረታል። ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና የሚሆነው መተላለፊያ ግን ከስሌቱ ውጪ ነው፤ በማናቸውም ሁኔታ አይነካም።

በእኛ ሰፈር ይህንን ስሌት ይዤ ለቢሮዎቹ ኃላፊዎች ሳሳይ ሁሉም ወዲያው አልተስማሙም። ሁለት መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሠራተኞቻቸውን መኪኖች በተራ ለማራቅ ፈቃደኛ ሆኑ። ወሳኝ ነጥብ አካባቢ ላይ ስለነበርን ግን ያ ጥቂት ለውጥ በዓይን የሚታይ ሆነ። ጎረቤቴ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ክፍት ቦታ ባዩ ጊዜ «ዛሬ ደግሞ መኪናው የት ጠፋ?» ብለው ተጨነቁ። ደንበኛ የሚመጣው በዚያ ባዶ ቦታ በኩል እንደሆነ ለማስረዳት ሌላ ግማሽ ሰዓት ፈጅቶብኛል።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልበል። ይህ ዕውቀት ከባሕር ማዶ ብቻ የመጣ አይደለም። በሰፈራችን ለቅሶ ሲሆን ዕድሩ በመንገድ ላይ ድንኳን ይተክላል፤ መኪና ማለፊያ ሲጠፋ ማንም ክላክስ አያሰማም። ለምን ቢባል ድንኳኑ የማን እንደሆነ ይታወቃል፤ መቼ እንደሚነሣ ይታወቃል፤ ከሚያስፈልገው በላይም አንድ ቀን አያድርም። ቁፋሮ የሚያስቆጣን ቦታ ስለሚወስድ ብቻ ሳይሆን፣ ባለቤቱና ማብቂያው ስለማይታወቅ ጭምር ነው። ግንባታው እንደ ዕድሩ ድንኳን ባለቤቱ የታወቀ፣ ጊዜው የተለካ፣ ሲበቃም የሚነሣ ቢሆን፣ የጎደለውን ቦታ በትዕግሥት መካፈል ለእኛ አዲስ ትምህርት አይሆንም።